በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትና የወልወል ምክንያት

ከሐረር ተነሥቶ የካራማራን መተላለፊያ አልፎ ወደ ጅጅጋ ሜዳ የሚወርድ መንገደኛ፣ የከተማዪቱ አሮጌ ክፍል በቀጥታ መንገዶች እንደ ዳማ ገበታ ተከፋፍሎ ያገኘዋል። ይህን ፕላን ያወጡት በ1909 ዓ.ም. ገደማ የጅጅጋ ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒህ ሰው በብዙዎቻችን ዘንድ የሚታወቁት በቴአትርና በሕገ መንግሥት ታሪክ ነው። እዚህ ግን የሕይወታቸውን ታሪክ የምናነሣው ከሙያችን ጋር በቅርብ ስለሚገናኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አንድ አደጋ ከደረሰ በኋላ ምክንያቱ እስከ ምን ድረስ ሊታወቅ ይችላል የሚለው ነው።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ፤ ገና ለጋ ሳሉም ወደ አድዋ ከዘመተው ሠራዊት ጋር ተጓዙ። ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው ከአሥር ዓመት በላይ ቆዩ፤ በሴንት ፒተርስበርግም የመድፈኛ መኰንንነት ትምህርት ተማሩ።

የመድፍ ትምህርት ስለ ምክንያትና ውጤት ብዙ ያስተምራል። በአንድ መድፍ፣ በእኩል ባሩድና በአንድ ማዕዘን የተተኮሱ ጥይቶች በአንድ ነጥብ ላይ አያርፉም። ነፋሱ፣ የአየሩ ሙቀት፣ የአፈሙዙ መሞቅ እያንዳንዱን ጥይት ጥቂት ያዛንፈዋል። ስለዚህ የአንዲቱ ጥይት ማረፊያ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ ይሁን እንጂ የብዙዎቹ መካከለኛ ነጥብና የሚበታተኑበት ስፋት በሒሳብ ይደረስበታል። መድፉ ወዴት እንደ ተነጣጠረም አያጠራጥርም።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ጻፉ። የአውሬዎችን ታሪክ አስመስለው የአስተዳደሩን ብልሹነት ስለ ነቀፉ ቴአትሩ ተከለከለ። ከጅጅጋ በኋላ ጨርጨርን ገዙ፤ የአሰበ ተፈሪን ከተማም ቆረቆሩ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። ቀጥሎም በፓሪስ የኢትዮጵያ መልእክተኛ፣ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር ዘንድ ወኪል ሆኑ።

ትልቁ ፈተና የመጣባቸው ቀድሞ ካስተዳደሩት አገር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከሚገኝ የውሃ ጉድጓድ ነው። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ኮሚሲዮን የግጦሽ መሬት ሲመረምር በኅዳር 1927 ዓ.ም. ወልወል ደረሰ፤ በዚያም ሰፍሮ የቆየ የጣሊያን ጦር አገኘ። የ1900 ዓ.ም. ውል ድንበሩን ከባሕር ጠረፍ 180 ማይል ያህል ርቆ እንዲሄድ ሲወስን፣ ወልወል ከዚያ መሥመር ወዲህ በኢትዮጵያ በኩል በብዙ ርቀት ገባ ብሎ ነበር። ኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተከፈተ። ጣሊያኖች በአውሮፕላንና በብረት ለበስ መኪና ተዋጉ፤ ከኢትዮጵያውያን ወገን ከመቶ ሰው በላይ ሞተ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ነገሩ ተራ የጠረፍ ጠብ ሳይሆን በኢትዮጵያ ነጻነት ላይ የመጣ አደጋ መሆኑን ለማኅበሩ ደጋግመው አመለከቱ። ማኅበሩ ግን ወራት አሳለፈ። በመጨረሻም ለሽምግልና የተሰየሙት ዳኞች ወልወል የማን መሬት እንደ ሆነ እንዳይመረምሩ ተደረገ። ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. በሰጡት ፍርድ ሁለቱንም ወገን ከጥፋት ነጻ አወጡ፤ የመጀመሪያውን ተኩስ ማን እንደ ከፈተ አልተረጋገጠምና። አንድ ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረች።

ዳኞቹ የመጀመሪያዋ ጥይት ከየት እንደ ተተኮሰች አናውቅም ማለታቸው ብቻውን የሚያስነቅፋቸው አይደለም። ዋናው ጉድለት ጥያቄው በዚያች ጥይት ላይ ተወስኖ መቅረቱ ነው። ጦሩ በዚያ ቦታ ለምን ሰፈረ? በቀይ ባሕር በኩል ወታደርና መሣሪያ ለምን ይጓጓዛል? እነዚህ በዓይን የሚታዩ ነገሮች ነበሩ። ወረራውን በመጀመሪያ የመሩት ጄኔራል ዴ ቦኖ፣ ዝግጅቱ ከወልወል ግጭት አስቀድሞ እንደ ተጀመረ ኋላ ባሳተሙት መጽሐፍ ራሳቸው ገልጸዋል። ጥይቷ አጋጣሚ ነበረች፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር።

እኛም ድልድይ ሲደረመስ ወይም ግድብ ሲሰነጠቅ የምንጠየቀው እንዲህ ያለውን ነው። መጀመሪያ የተበጠሰው ብረት የትኛው እንደ ሆነ ምናልባት ፈጽሞ አይታወቅ ይሆናል። ነገር ግን ይህን አለማወቃችን የመሠረቱን ጥናት፣ የሲሚንቶውን ጥራትና የቁጥጥሩን መጓደል ከመመርመር አያድነንም። ሁሉን በአንድ ጥፋተኛ ላይ መጫንም እንደዚሁ ስሕተት ነው። የማይታወቀውን አይታወቅም ብሎ መጻፍ የሙያ ግዴታ ነው፤ የሚታወቀውን በማይታወቀው መሸፈን ግን የሙያ ክሕደት ነው።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ከወረራው በኋላ ተሰደው ለብዙ ዓመታት በማዳጋስካር ኖሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በሐረርጌ ሒርና በእርሻ ሥራ ቆይተው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። የጻፉት የሕይወት ታሪክ ከሞታቸው በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል።