ፒየር ኩሪ፦ የማግኔቱ ሰው

ኩሪ የሚለውን ስም ስንሰማ አብዛኞቻችን የምናስበው ማሪን ነው። እኔም ባሏን ፒየርን በደንብ ያወቅሁት ነርሲንግ መማር ከጀመርኩ ወዲህ ነው። በየሆስፒታሉ የምናየው አልትራሳውንድ የቆመበትን ግኝት ከወንድሙ ከዣክ ጋር በ1880 እ.ኤ.አ. ያገኘው እሱ ነው፤ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ያኔ 21 ዓመቱ ነበር፤ እኔን የሚበልጠኝ በአንድ ዓመት ብቻ!

ፒየር በ1859 ፓሪስ ተወለደ። ሐኪም አባቱ ትምህርት ቤት ሳይልከው ቤት ውስጥ እንዲማር አደረገ። በ1895 ለዶክትሬት ያቀረበው ጥናት ስለ ማግኔት ነበር። ብረት ሲግል ማግኔትነቱ እየደከመ ሄዶ በተወሰነ ሙቀት ላይ እንደሚጠፋ በጥንቃቄ ለካ። ይህ ልክ ዛሬ የኩሪ ሙቀት ይባላል። ለተራው ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ጋዶሊኒየም ለተባለው ብርቅዬ ብረት ግን 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለአንዳንድ ሕሙማን ለኤምአርአይ ምርመራ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ውስጥ ያለው ይኸው ንጥረ ነገር ነው።

ከዚያ በፊት በ1894 ስለ ሲሜትሪ ጽፎ ነበር፤ የምክንያቱ ሲሜትሪ በውጤቱ ላይ ይታያል የሚል ሐሳብ ነው። እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የብርቅዬ ብረቶች ማግኔትነት ወደየት እንደሚያይ የጠየቁ ተመራማሪዎች ያገኙት መልስ ከዚህ የራቀ አልነበረም። አቅጣጫውን በዋናነት የሚወስኑት የአተሞቹ አደራደርና የውስጥ ኤሌክትሮኖቻቸው ደመና ቅርጽ ናቸው። የጋዶሊኒየም ደመና እንደ ኳስ ክብ ስለሆነ የትኛውንም አቅጣጫ አጥብቆ አይመርጥም። የተርቢየምና የዲስፕሮሲየም ደመና ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ስለዚህ በዙሪያው ያሉት አተሞች ማግኔትነቱን በንብርብሩ ላይ እንዲተኛ ያስገድዱታል።

ፒየር ማግኔትን ትቶ ወደ ሬዲየም የዞረው ማሪን ለመርዳት ነው። ሬዲየም ክንዱ ላይ አስሮ ቆዳውን አቃጠለ፤ የቁስሉንም ለውጥ እኛ የሕመምተኛ ቻርት እንደምንሞላው ቀን በቀን መዘገበ። ሬዲየም ለካንሰር ሕክምና መሞከር የጀመረው ከእንዲህ ዓይነቱ ምልከታ ተነሥቶ ነው። በ1903 ከማሪና ከቤከሬል ጋር ኖቤል ተሸለመ። መንግሥት ኒሻን ሊሰጠው ሲል ግን የሚያስፈልገው ላቦራቶሪ እንጂ ኒሻን አለመሆኑን ገልጾ እምቢ አለ።

የሚመኘውን ላቦራቶሪ ሳያገኝ ሚያዝያ 1906 በዝናብ ቀን ፓሪስ ጎዳና ላይ የፈረስ ጋሪ ገጭቶት ሞተ። 46 ዓመቱ ነበር። የሬዲየም ኢንስቲትዩት ተሠርቶ ያለቀው በ1914 ነው፤ የቆመበትም ጎዳና በፒየር ስም ተሰየመ።