ካኖ ጂጎሮ፤ የመውደቅን ምክንያት የመረመሩ መምህር

በዛሬው ታላላቅ የጁዶ ውድድር ከምንጣፉ ዳር ካሜራ ይተከላል። ባለሙያዎችም እያንዳንዱን አያያዝ፣ እያንዳንዱን የማጥቃት ሙከራና እያንዳንዱን የዳኛ ቅጣት በደቂቃና በሴኮንድ ከፋፍለው ይመዘግባሉ፤ አሠልጣኙም የመጪውን ተጋጣሚ ልማድ ከዚህ መዝገብ ያጠናል። መሣሪያው አዲስ ይሁን እንጂ ጥያቄው አሮጌ ነው። ቆሞ የነበረው ሰው ስለ ምን ወደቀ? ይህን ጥያቄ ከመምህራን የግል ምስጢርነት አውጥተው የትምህርት ጉዳይ ያደረጉት የጁዶ መሥራች ካኖ ጂጎሮ ናቸው።

ካኖ እ.ኤ.አ. በ1860 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ የኮቤ ከተማ ክፍል በሆነችው በሚካጌ፣ የሩዝ ጠላ በመጥመቅ ከታወቀ ቤተሰብ ተወለዱ። እናታቸው በልጅነታቸው ስለ ሞቱ በ1871 ወደ ቶኪዮ ተወሰዱ። ካደጉም በኋላ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ60 ያልሞላ ነበርና በአዳሪ ትምህርት ቤት የጉልበተኞች መጫወቻ ሆኑ። ደካማው ብርቱውን የሚጥልበት ጁጂትሱ የሚባል ጥበብ መኖሩን ሲሰሙ ልባቸው ወደዚያ አዘነበለ።

ዘመኑ ግን ለጁጂትሱ ክፉ ነበር። የሜይጂ መንግሥት የሳሙራይን ሥርዓት ካፈረሰ በኋላ የድሮዎቹ የትግል መምህራን ተማሪ አጥተው ብዙዎቹ በወጌሻነት ይተዳደሩ ነበር። ይህን የተረዱት ወጣቱ ካኖ ጁጂትሱ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ በቶኪዮ ወጌሾችን ማሰስ ጀመሩ። በአንድ ወጌሻ ጥቆማም ዩኒቨርሲቲ በገቡበት ዓመት፣ በ1877፣ ከፉኩዳ ሃቺኖሱኬ ዘንድ ደረሱ።

ፉኩዳ ብርቱ ታጋይ እንጂ ብዙ ገላጭ አልነበሩም። ካኖ ስለ ወደቁበት ስልት፣ እጅ የት እንደሚውል፣ እግርስ እንዴት እንደሚገባ ሲጠይቋቸው የመምህሩ መልስ ተማሪውን ደግሞ መጣል ነበር። ሁለተኛ ሲጠይቁ ሁለተኛ ጣሏቸው፤ ሦስተኛም እንዲሁ። ሰውነት በድግግሞሽ ይማራል የሚለው የፉኩዳ እምነት ከንቱ አልነበረም፤ ይህን ማንኛውም አሠልጣኝ ያውቀዋል። ሆኖም በዚህ መንገድ ተማሪው ምክንያቱን ሳያውቅ ለዓመታት ሊወድቅ ይችላል።

በዚያው ቤት ፉኩሺማ የሚባል ግዙፍ ባልደረባ ነበር፤ ካኖ በምንም ዘዴ ሊጥሉት አልቻሉም። አስቀድመው የሱሞን ትግል ስልት ተምረው ሞከሩት፤ አልሆነም። ከዚያ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደው ስለ ምዕራባውያን ትግል የተጻፉ መጻሕፍትን አገላበጡ። ባገኙት ፍንጭ መሠረት፣ ዝቅ ብሎ ከተጋጣሚ ሥር መግባትንና ጭኑን ይዞ በትከሻ ተሸክሞ መጣልን ከጓደኞቻቸው ጋር ተለማመዱ፤ ፉኩሺማም ወደቀ። ስልቱ ኋላ ካታ ጉሩማ፣ ማለትም የትከሻ መንኰራኵር ተባለ። በዚህ ታሪክ ከድሉ ይልቅ የሥራው ቅደም ተከተል ልብ ሊባል ይገባዋል። ሽንፈቱን ተመለከቱ፤ መፍትሔውን ከሌላ ምንጭ ተዋሱ፤ ከባልደረባ ጋር ፈተኑት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ግጥሚያው ተመለሱ።

ፉኩዳ በ1879፣ ተከታያቸው መምህር ኢሶም በ1881 ስለ ሞቱ ካኖ የኪቶ ጁጂትሱ መምህር ወደ ሆኑት ወደ ኢኩቦ ሄዱ። ኢኩቦ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቢሆናቸውም ወጣቱን እንደ ፈለጉ ይጥሉት ነበር። አንድ ቀን ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ካኖ መምህራቸውን ደጋግመው ጣሉ። ምስጢሩ ቀላል ነበር። ሰው ሲገፋ መልሶ ይገፋል፤ ሲሳብ ወደ ኋላ ይጐተታል፤ በዚያች ቅጽበት ሚዛኑ በአንድ አቅጣጫ ይሳሳል። ካኖ ይህን አስተውለው ሲያስረዱ ኢኩቦ ከእንግዲህ የሚያስተምሯቸው እንደሌለ ገለጡ፤ የትምህርት ቤታቸውንም ጥንታዊ ጽሑፎች አስረከቧቸው።

በዚህ ጊዜ ካኖ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። በ1882 በኤይሾጂ ቤተ መቅደስ በ12 ምንጣፎች ላይ የተጀመረው ኮዶካን በመጀመሪያው ዓመት የመዘገባቸው ተማሪዎች 9 ብቻ ነበሩ። ካኖ እያንዳንዱን አጣጣል በሦስት ክፍል ከፈሉት፤ ሚዛን ማሳት፣ ሰውነትን ለመጣል ማመቻቸት፣ ከዚያም መጣል። የሚዛን መሳቻ አቅጣጫዎችንም በስምንት መደቡ። የአጣጣል ስልቶቹ በ1895 በአምስት ክፍል ተመደቡ፤ በ1920 ምድቡ ታርሞ ቁጥራቸው 40 ሆነ። ከዚህ ወዲህ መምህር ተማሪውን አልሆነም ብሎ ብቻ አይሰድም፤ ከሦስቱ በየትኛው ላይ እንደ ተሳሳተ ሊነግረው ይችላል።

ከምድቡ ይበልጥ የከበደው ውሳኔ ግን ሌላ ነበር። ካኖ መምታትንና ሌሎች አደገኛ ስልቶችን ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ ለተወሰነ ልምምድ፣ ለካታ፣ ተዉና በራንዶሪ፣ ማለትም በነጻ ልምምድ፣ ያለ አደጋ በሙሉ ኃይል ሊሠሩ የሚችሉትን ብቻ አስቀሩ። ብዙ የጥንት ትምህርት ቤቶች የሚኰሩበት ስልት ገዳይ ነውና በእውነተኛ ተቃዋሚ ላይ ሊፈተን አይችልም ነበር። የኮዶካን ተማሪ ግን በየቀኑ እምቢ የሚለውን ሰው ለመጣል ይሞክራል፤ ይወድቃል፤ ይነሣል፤ ነገም ይደግመዋል። የሚደጋገም ግጥሚያ በሌለበት የሚተነተን ነገር የለም።

ካኖ በሙያቸው አስተማሪ ነበሩ፤ የቶኪዮን ከፍተኛ መምህራን ማሠልጠኛ ከ20 ዓመት በላይ መርተዋል። በ1909 የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሲሆኑ ከእስያ የመጀመሪያው ነበሩ፤ በ1912ም ሁለት ሯጮች ይዘው ወደ ስቶክሆልም ሄዱ።

ይሁንና ውድድር የራሱን ጠባይ እያመጣ ሄደ። በ1914 በኪዮቶ በተጀመረው የከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የቡድን ውድድር፣ ቆሞ መግጠም ያልሆነለት ተማሪ ወዲያው ወደ መሬት እየወረደ ብርቱውን ተጋጣሚ አቻ ማስወጣትን ተማረ። ለቡድኑ አቻ ጥቅም ነበርና አሠልጣኞቹ ስሌታቸው ትክክል ነው። ካኖ ግን አልወደዱትም። በ1925 የኮዶካን ደንብ ተሻሽሎ ግጥሚያን ወደ መሬት ማውረድ ገደብ ተደረገበት፤ እነዚያ ትምህርት ቤቶች በበኩላቸው በራሳቸው ደንብ ቀጠሉ። ካኖ ከዚህም ሌላ ክንዱን አድርቆና ጐንበስ ብሎ ላለመሸነፍ ብቻ የሚቆምን ተወዳዳሪ አዘውትረው ይነቅፉ ነበር። ደንብ የተወዳዳሪውን አቋም እንደሚቀርጽ ቀድመው ከተረዱት አንዱ መሆናቸው አይካድም፤ ነገር ግን ተማሪዎቹ ያሳደጉት የመሬት ላይ ትግል ራሱን የቻለ ዕውቀት እንደ ነበረ በቂ ዋጋ ሰጥተውታል ለማለት ያስቸግራል።

ጁዶ የኦሊምፒክ ውድድር ይሁን የሚለው ሐሳብ ሲነሣም ካኖ አልገፉበትም፤ አልተቃወሙምም። ጁዶን ከስፖርት የሰፋ የሕይወት ትምህርት አድርገው ይቈጥሩት ነበር። ለቶኪዮ ግን የ1940ን ኦሊምፒክ አስገኙ፤ ውድድሩ በጦርነት ምክንያት ሳይካሄድ ቀረ። በ1938 በካይሮ ከተደረገው የኮሚቴው ጉባኤ በኋላ ሲመለሱ፣ ግንቦት 4 ቀን ሂካዋ ማሩ በተባለችው መርከብ ላይ በሳንባ ምች ሞቱ፤ ዕድሜያቸው 77 ነበር።

ጁዶ ወደ ኦሊምፒክ የገባው አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት በ1964ቱ የቶኪዮ ውድድር ነው። ጃፓኖች በሦስቱ የክብደት ምድቦች ድል አደረጉ። ክብደት በማይለይበት ምድብ ግን ሆላንዳዊው አንቶን ሄሲንክ ካሚናጋን መሬት ላይ ይዞ አሸነፈ። በ1948 የተቋቋመው የኮዶካን ሳይንሳዊ ጥናት ማኅበርና ከእርሱ ወዲያ የተነሡ ተመራማሪዎች የግጥሚያን ውጤት በቁጥር አጠኑ፤ ደንቡም ብዙ ጊዜ ተለዋወጠ። በ2013 የዓለም አቀፉ ጁዶ ፌደሬሽን በግጥሚያ ላይ ከቀበቶ በታች በእጅ መያዝን ከለከለ። በዚህም ካኖ ከመጽሐፍ ፍንጭ ወስደው ፉኩሺማን የጣሉበት የካታ ጉሩማ ጥንታዊ አሠራር ከዓለም አቀፍ ግጥሚያ ወጣ። ተወዳዳሪዎችም እግርን ሳይነኩ፣ እጅጌ ይዘው ዝቅ በማለት የሚሠሩትን ሌላ ካታ ጉሩማ አወጡ።