የትሯው መድኃኒት ቀማሚ፤ የኤሚል ኩዌ የሕይወት ታሪክ

ኤሚል ኩዌ ከፓሪስ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ትሯ በተባለች ጥንታዊት የፈረንሳይ ከተማ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1857 ተወለደ (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ኩዌ በወጣትነቱ የተመኘው የኬሚስትሪ ሊቅ ለመሆን ነበር፤ ይሁን እንጂ የቤተሰቡ አቅም ውስን ስለ ነበር ቶሎ እንጀራ የሚያስገኘውን የመድኃኒት ቅመማ ሙያ ተማረ። ከ1882 ጀምሮም በትውልድ ከተማው በመድኃኒት ቀማሚነት መሥራት ያዘ።

በዚያ ዘመን መድኃኒት ቀማሚ ማለት ሐኪሙ ያዘዘውን በሙቀጫ ወቅጦ፣ በሚዛን መዝኖ፣ በጠርሙስ ሞልቶ የሚሰጥ ሰው ነበር። ኩዌ ግን ጠርሙሱን ሲያቀብል ስለ መድኃኒቱ ጥሩነት አንድ ሁለት ቃል መጨመር ልማዱ ነበር። ውሎ አድሮ አንድ ነገር አስተዋለ። መድኃኒቱ ተመስግኖ የተሰጣቸው ሕሙማን፣ ያንኑ መድኃኒት ያለ ምስጋና ከወሰዱት ይልቅ የተሻለ ውጤት ያገኙ ነበር። መድኃኒቱ አንድ፣ መጠኑም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ የቀማሚው ቃል ብቻ ነበር። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ይህን ለገበያው ማድመቂያ ያውለው ነበር፤ ኩዌ ግን ምክንያቱን መመርመር ጀመረ።

ባለቤቱ በምሥራቅ ፈረንሳይ የምትገኘው የናንሲ ከተማ ተወላጅ ስለ ነበረች ወደዚያ የሚመላለስበት አጋጣሚ ነበረው። በ1885 በዚያች ከተማ አምብርዋዝ ኦጉስት ሊዬቦ ከተባለ ሐኪም ጋር ተዋወቀ። ሊዬቦ በገጠር ሐኪምነት የጀመረ፣ በሂፕኖቲዝም ለመታከም የሚፈቅዱትን ድኾች ያለ ክፍያ የሚረዳ ሰው ነበር። ሂፕኖቲዝም አንድን ሰው በረጋ ድምፅና በተደጋጋሚ ቃል ወደ ሰመመን መሰል ሁኔታ አድርሶ፣ በዚያ ሳለ ስለ ሕመሙ ወይም ስለ ልማዱ የሚጠቅም ሐሳብ በልቡናው የማሳደር ዘዴ ነው። በፓሪስ የነበረው ስመ ጥር ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ ይህ ሁኔታ በአንድ ዐይነት የነርቭ ሕመም በተያዙ ሰዎች ላይ ብቻ እንደሚታይ ያስተምር ነበር። ሊዬቦና የናንሲው ፕሮፌሰር ኢፖሊት በርንኤም ግን ጤናማ ሰውም ሊቀበለው እንደሚችል፣ ዋናው ነገርም የተነገረውን ሐሳብ ማመን መሆኑን ተከራከሩ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ በመጨረሻም ብዙዎች ወደ ናንሲዎቹ አሳብ አዘነበሉ።

ኩዌ ከሊዬቦ ያየውን ወዶታል፤ ነገር ግን ሥርዐት የጐደለው ሆኖ ታየው። በ1901 ገደማ ከአሜሪካ በፖስታ የሚላክ የሂፕኖቲዝም ትምህርት አስመጥቶ አጠና፤ በትሯም በሕሙማን ላይ ሞከረው። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር አጋጠመው። አንደኛ፣ ሁሉም ሰው ወደ ሰመመን አይገባም። ሁለተኛም፣ ከገቡት መካከል የተነገራቸውን ልባቸው ያልተቀበለው ምንም ለውጥ አላሳዩም። ስለዚህ ፈዋሹ የአስተኚው ኀይል ካልሆነና የሚሠራው ሰውየው ራሱ ለራሱ የተቀበለው ሐሳብ ከሆነ፣ ሰመመኑስ ምን ያስፈልጋል? ለብዙ ዓመታት የደከመበትን ጥበብ ወደ ጐን ትቶ፣ ነቅቶ የተቀመጠ ሰው ራሱን በራሱ እንዲያሳምን ወደ ማስተማር ተሻገረ። የለመደውን መሣሪያ በራሱ ምርመራ የሚጥል ባለሙያ ብዙ አይደለም።

የኩዌ ትምህርት መሠረት በፈቃድና በምናብ መካከል ያለው ትግል ነው። ይህንንም በሳንቃ ምሳሌ ያስረዳ ነበር። ዐሥር ሜትር ርዝመትና ሩብ ሜትር ስፋት ያለው ሳንቃ መሬት ላይ ቢጋደም ማንም ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይራመድበታል። ያው ሳንቃ በካቴድራል ማማዎች ከፍታ ላይ ቢዘረጋ ግን ሁለት እርምጃ የሚደፍር አይገኝም። የሳንቃው ስፋት አልተለወጠም፤ የእግሩም ጥንካሬ ያው ነው። የተለወጠው ሰውየው በዐይነ ልቡናው የሚያየው ነገር ነው፤ መሬት ላይ ሳለ መድረሻውን፣ ማማ ላይ ሳለ ግን መውደቁን ያያል። እንደዚሁም እንቅልፍ ያጣ ሰው ለመተኛት በታገለ ቍጥር ይበልጥ ይነቃል፤ የጠፋበትን ስም ለማስታወስ የሚጨነቅም ስሙ ይበልጥ ይርቀዋል። በፈተና ክፍል የተቀመጠ ተማሪ ይህን ሳይቀምሰው አይቀርም።

ኩዌ ለጐብኚዎቹ ይህን በእጃቸው ያሳያቸው ነበር። ጣቶቻቸውን አቈላልፈው አጥብቀው እንዲይዙና እጃቸውን ለመክፈት እንደማይችሉ ብቻ እንዲያስቡ ያዛቸዋል። ብዙዎች በዚያ ሐሳብ ውስጥ ሳሉ ቢታገሉም እጃቸው አልላቀቅ ይላቸዋል፤ እንደሚችሉ ባሰቡ ጊዜ ግን ጣቶቻቸው ያለ ድካም ይፈታሉ። ከዚህ ተነሥቶ መጥፎ ልማድን በመታገል ብቻ ማሸነፍ እንደማይቻል አስተማረ። ሲጃራ ላለማጨስ የሚምል ሰው በምናቡ ሲጃራውን እያየ ከታገለ መሐላው ይፈርሳል። በኩዌ አመለካከት መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ሥዕሉ ነው።

ዘዴው ከቀላልነቱ የተነሣ ለመሳለቂያ ዳርጎታል። ሰው ጧት ሲነቃና ማታ ሊተኛ ሲል ዐይኑን ጨፍኖ፣ በየዕለቱ በሁሉም ረገድ እየተሻለው መሄዱን የሚናገር አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሃያ ጊዜ ይላል። ቍጥሩ ሐሳቡን እንዳይበትነው ሃያ ቋጠሮ ያለበት ገመድ በጣቶቹ መካከል ያሳልፋል። መቍጠሪያ በእጃቸው ይዘው የሚጸልዩ አባቶችንና እናቶችን ላየ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ኩዌ አጥብቆ ያስጠነቀቀው ቃሉ ያለ ጥረት፣ ያለ ትግል እንዲባል ነው፤ ጥረት የገባበት እንደ ሆነ ፈቃድ ተመልሶ ከምናብ ጋር ይጣላልና።

በ1910 የመድኃኒት ሥራውን ትቶ ናንሲ ተቀመጠ፤ በ1913ም የሎሬን የተግባራዊ ሥነ ልቡና ማኅበርን መሠረተ። በቤቱ ሕሙማንን በቡድን እየሰበሰበ ያለ ዋጋ ያስተምር ነበር። የሚንተባተቡ፣ እንቅልፍ ያጡ፣ በፍርሃት የተያዙ፣ ልማዳቸውን መተው ያቃታቸው ሰዎች ይመጡ ነበር። ኩዌ ማንንም እንዳልፈወሰ፣ የሚፈውሱት እነርሱ ራሳቸው መሆናቸውን ደጋግሞ ይነግራቸው ነበር። ሐኪማቸውንና መድኃኒታቸውን እንዲተዉም አልመከረም።

ሻርል ቦድዌን ትምህርቱን በመጽሐፍ ካሰራጨው በኋላ የኩዌ ዝና ከፈረንሳይ ወጣ። ወደ እንግሊዝ አገር ተጋብዞ ንግግር አደረገ፤ በጃንዋሪ 1923 ኒው ዮርክ ሲደርስ ጋዜጠኞችና ብዙ ሕዝብ ጠበቁት። ጋዜጦች ተአምር ፈጣሪ አድርገው አወሩለት፤ እርሱም ተአምር እንደማያደርግ ቢናገር የሰማው ጥቂት ነበር። ዝናው እንደ ወጣ በፍጥነት ቀዘቀዘ። ተአምር የጠበቀ ሲያጣ ተቈጣ፤ ሐኪሞችም አንድ ዐረፍተ ነገር ለሁሉ ሕመም መድኃኒት ሊሆን አይችልም ሲሉ ነቀፉት።

ነቀፋቸው ከፊሉ እውነት ነው። ኩዌ የቃልን ኀይል ከልክ በላይ ያሰፋበት ጊዜ አለ፤ ምናብ ዕጢን አያጠፋም፤ ተሕዋስያንንም አይገድልም። በመድኃኒት ቤቱ ያስተዋለው ነገር ግን ጸንቷል። ዛሬ አዲስ መድኃኒት ሲፈተን ለአንዱ ቡድን እውነተኛው፣ ለሌላው ፕላሲቦ የሚባለው አምሳያው የሚሰጠው የተስፋን ውጤት ከመድኃኒቱ ውጤት ለመለየት ነው። እርሱ የተወው ሂፕኖቲዝምም አልጠፋም፤ ሕመምንና አንዳንድ የአንጀት መታወክን ለማስታገስ ረዳት ሆኖ ያገለግላል። ሲጃራን በማስተው ረገድ ግን ከሌሎች ዘዴዎች እንደሚበልጥ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አልተገኘም። በ2009 በካናዳ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናትም ስለ ራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች ራሳቸውን የሚያወድስ ቃል ሲደጋግሙ ስሜታቸው ይበልጥ እንደሚጐዳ አሳይቷል። ልብ ያልተቀበለው ቃል እንደማይሠራ ኩዌ በትሯ ሳለ ያየው ነው፤ ሃያ ጊዜ መደጋገም ብቻውን ልብን ያሳምናል ብሎ ማሰቡ ግን ከዚያ ከራሱ ምርመራ ጋር አልተስማማም።

ኩዌ በስተርጅናውም ከአገር አገር እየተዘዋወረ ያስተምር ነበር። ጁላይ 2 ቀን 1926 በናንሲ ከተማ በተወለደ በ69 ዓመቱ ዐረፈ።