ከቦስተን እስከ ቶኪዮ፦ የአበበ ቢቂላ አሥራ ስምንት ወራት

የዘንድሮው የመጀመሪያ መንፈቅ ዓመት ውጤት በተለጠፈ ማግስት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ወደ ቢሯችን መጥቶ ትምህርቱን ማቋረጥ እንደሚፈልግ ነገረን። ዓምና ከክፍሉ ሦስተኛ ነበር፤ አሁን ሃያ አንደኛ ወጥቷል። ሐርጌሳ ላይ ወላጅ በምን ልፋት ልጁን እንደሚያስተምር ስለምናውቅ ነገሩ አስጨነቀን። ምክር ሰልችቶታል ብለን ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ አወራንለት። ሮምን ያውቃል፣ በባዶ እግሩ መሮጡንም ያውቃል። ቦስተንን ግን ሰምቶ አያውቅም።

አበበ እ.ኤ.አ. በ1932 ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆኖ ሳለ በስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን እጅ ገባ። በ1960 ሮም ላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደስላምን በ25 ሰከንድ ያህል ቀደመው። በቀጣዩ ዓመት በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺሴ አሸነፈ። በዚያን ጊዜ የሚረታ የሚመስለው ሰው አልነበረም።

በሚያዝያ 1963 ከማሞ ወልዴ ጋር ቦስተን ሄደ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ከፊት መሩ፤ ፍጥነታቸውም ለክብረ ወሰን የሚበቃ ነበር። ነገር ግን ብርዱ፣ ከፊት የሚመጣው ነፋስና የከተማዋ ዳገቶች ተባብረው ያዟቸው። ውድድሩን ቤልጂየማዊው ኦረል ቫንደንድሪሽ ወሰደ፤ አበበ አምስተኛ፣ ማሞ አሥራ ሁለተኛ ሆኑ። አበበ ሮጦ ከጨረሳቸው ዓለም አቀፍ ማራቶኖች ሳያሸንፍ የቀረው ይህን አንዱን ብቻ ነው።

የስፖርት ጋዜጠኞች ወቅታዊ አቋም የሚሉት ይህን ነው። ልጆቻችን በስልካቸው የሚከታተሉት የመኪና እሽቅድምድምም ቢሆን (እኛ ብዙም አይገባንም፣ ጫጫታው ይበዛብናል) በዓመቱ መጀመሪያ ሲመራ የነበረው መጨረሻው ላይ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ሰው ደግሞ ጎማው የሚቀየርለት መኪና አይደለም፤ ልምምድ፣ ዕረፍትና ጤና ይወስኑታል።

አበበ ወደ ልምምዱ ተመለሰ። በ1964 ክረምት አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የኦሊምፒክ ማጣሪያ አሸነፈ፤ ማሞም ከኋላው ተከትሎት ገባ። ከዚያ መስከረም ላይ ደብረ ዘይት ልምምድ ላይ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ታመመና በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ቶኪዮ ሲሮጥ ከሕክምናው ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሐኪም ያልሆንነው እኛ እንኳ ይህን ስናስብ ሆዳችን ይባባል።

ጥቅምት ላይ በተካሄደው የቶኪዮ ውድድር በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቦ ገባ። ሁለተኛው እንግሊዛዊ ባሲል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ደረሰ። አበበ እስከዚያ ድረስ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

ልጁ ታሪኩ እዚህ ላይ እንዲያበቃ ፈልጎ ነበር። እኛ ግን አልተውነውም። በ1968 አበበ ሜክሲኮ ላይ የተጎዳ እግሩን ይዞ ጀመረና 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ያን ቀን ወርቁን ያገኘው ያው ቦስተን ላይ አሥራ ሁለተኛ የነበረው ማሞ ወልዴ ነው፤ ከሳምንት በፊትም በ10,000 ሜትር ብር ወስዶ ነበር። በመጋቢት 1969 አበበ ቮልስዋገኑን ሲያሽከረክር አደጋ ደረሰበትና ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ አቃተው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ታከመ፤ እዚያም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1971 ኖርዌይ ውስጥ በ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ሸርተቴ ውድድር አሸነፈ። በጥቅምት 1973 በ41 ዓመቱ አርፎ አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ልጁ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ የበረዶ ሸርተቴ ምን እንደሚመስል ጠየቀን። ሐርጌሳ ተወልዶ ያደገ ልጅ በረዶ የት ያያል? ጠመኔ አንስተን ሰሌዳው ላይ ሣልንለት። ሥዕላችን ብዙም አላማረም፤ እሱ ግን ተቀብሎን አስተካከለውና ደወሉ ሲደወል ወደ ክፍሉ ሄደ።