ዦርዥ ሜሊዬስና የጨረቃ ጉዞው

ከሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞች ሁሉ የላቀው የትኛው ነው የሚለው ክርክር ፊልም ወዳዶች በተሰበሰቡበት ሁሉ የሚነሣ፣ ተነሥቶም የማያልቅ ክርክር ነው። አንዱ የፍሪትዝ ላንግን «ሜትሮፖሊስ» ሲያነሣ ሌላው የስታንሊ ኩብሪክን «2001 ስፔስ ኦዲሲ»፣ ሦስተኛው ደግሞ የአንድሬ ታርኮቭስኪን «ሶላሪስ» ይጠራል። መሐንዲሶች በክርክሩ ሲገቡ መለኪያቸው አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛነት ነው። በ1968 የወጣው የኩብሪክ ፊልም በጠፈር ውስጥ ድምፅ እንደማይሰማ ስላስታወሰ፣ ሰው ሠራሽ ስበትንም በሚሽከረከር መንኰራኩር ስላሳየ ይመሰገናል። ላንግ በ1929 ያወጣው «ሴት በጨረቃ ላይ» የተባለውም ፊልም የሮኬቱን ሊቅ ሄርማን ኦበርትን አማካሪ ስላደረገና ሮኬቱ ከመነሣቱ በፊት ቁጥርን ወደ ኋላ መቁጠርን ስላሳየ ይወደሳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ መለኪያ ከተሄደ የዘርፉ በኵር የሆነው የዦርዥ ሜሊዬስ «ጉዞ ወደ ጨረቃ» ገና ከበሩ ይወድቃል። በ1902 በተሠራው በዚህ ፊልም ስድስት የሥነ ፈለክ ጠበብት በመድፍ ጥይት ውስጥ ገብተው ወደ ጨረቃ ይተኰሳሉ። የመድፉን ሐሳብ ያፈለቀው ዡል ቬርን በ1865 ባወጣው ልብ ወለዱ የመድፉን ርዝመት 900 ጫማ፣ ማለትም 274 ሜትር ያህል አድርጎት ነበር። ከመሬት ስበት ለማምለጥ በሴኮንድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል። ይህ ፍጥነት በ274 ሜትር ርቀት ውስጥ ብቻ እንዲገኝ ከተፈለገ ሽምጠጣው የመሬትን ስበት 22 ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ተሳፋሪው ጨረቃን ሊያይ ቀርቶ ገና ከመድፉ አፍ ሳይወጣ ከወለሉ ጋር ተለጥፎ ይቀራል። የሜሊዬስ መድፍ ደግሞ ሲታይ ከቬርን መድፍ እጅግ ያጠረ ነው። ጠበብቱ በጨረቃ ላይ ኮታቸውን እንደለበሱ ያለ ችግር ይተነፍሳሉ፤ ብርድ ልብስ ለብሰው ይተኛሉ፤ በረዶም ይዘንብባቸዋል። የጨረቃ ነዋሪዎች በጃንጥላ ሲመቱ ጢስ ሆነው ይጠፋሉ። ለመመለስ ሲፈለግም ጥይቱ ከገደል ጫፍ ላይ ይገፋና ወደ መሬት ይወድቃል።

ይህን ሁሉ የፊዚክስ ስሕተት የሠራው ሰው ግን ከማሽን ጋር የማይተዋወቅ አልነበረም። ሜሊዬስ ታኅሣሥ 8 ቀን 1861 በፓሪስ ሲወለድ አባቱ የታወቀ ጫማ ሠሪ፣ የፋብሪካም ባለቤት ነበር። እናቱ የኔዘርላንድ ተወላጅ ናት። ከሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ ከሄንሪና ከጋስቶን ጋር በአባቱ ፋብሪካ ሲሠራ የማሽኖቹ ጉዳይ ለእርሱ ተሰጥቶት ነበርና ጥርስና ቀበቶ፣ መዘውርና ማንሻ እንዴት እንደሚስማሙ የተማረው በዚያ ነው። በ1884 እንግሊዝኛውን እንዲያሻሽል ወደ ለንደን ተላከ። በዚያ ግን ልቡን የሳበው ንግዱ ሳይሆን በኤጅፕሺያን ሆል ይታይ የነበረው የምትሐት ትርኢት ሆነ። አባቱ በ1888 ከሥራ ሲገለል ሜሊዬስ የፋብሪካ ድርሻውን ለወንድሞቹ ሸጦ በዝነኛው ምትሐተኛ ስም የሚጠራውን የሮበር ኡዳንን ቲያትር ገዛ። ከቲያትሩ ጋር የተረከባቸውን፣ በጥርስና በሞላ የሚንቀሳቀሱትን አሮጌ አሻንጉሊቶች ፈትቶ የጠገነው እርሱ ራሱ ነው።

ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 የሉሚዬር ቤተሰብ ተንቀሳቃሽ ምስል በፓሪስ ለሕዝብ ሲያሳይ ሜሊዬስ ከተመልካቾቹ አንዱ ነበር። መሣሪያውን በ10,000 ፍራንክ ለመግዛት ጠየቀ፤ አልሸጥም ተባለ። ወዲያው ወደ ለንደን ተሻግሮ ከሮበርት ፖል የፊልም ማሳያ መሣሪያ ገዛ፤ ውስጡን ፈትቶም የሚያሳየውን ወደሚያነሣ ካሜራ ለወጠው። ያ ካሜራ ሲዞር ይሰጥ ከነበረው ድምፅ የተነሣ የቡና ወፍጮ ብሎ ይጠራው ነበር።

በመቀጠልም ብዙ ጊዜ የሚተረከው አጋጣሚ መጣ። እርሱ በኋላ እንደተናገረው፣ በኦፔራ አደባባይ የመንገዱን ትርምስ ሲያነሣ ካሜራው ለጥቂት ጊዜ ተጣብቆ ቆመ፤ ፊልሙ ሲታይም በፈረስ የሚሳበው የሕዝብ ማመላለሻ በቅጽበት የሬሳ ሠረገላ ሆኖ ተገኘ። ታሪኩ እጅግ ያማረ በመሆኑ እንዳለ ለመቀበል ያስቸግራል። ካሜራን አቁሞ ነገርን የመለወጡ ዘዴም በ1895 በኤዲሶን ኩባንያ በተሠራ አጭር ፊልም ላይ አስቀድሞ ታይቷል። ሆኖም ዘዴውን ከአንድ ጊዜ ብልሃትነት አውጥቶ የሥራ መሣሪያ ያደረገው ሜሊዬስ ነው።

በ1897 በፓሪስ አጠገብ በሞንትሮይ ጣራውና ግድግዳው በመስታወት የተሠራ ስቱዲዮ አቆመ። በዚያን ዘመን ፊልም የሚነሣው በፀሐይ ብርሃን በመሆኑ ስቱዲዮው በበጋ ምድጃ፣ በክረምት በረዶ ቤት ይሆን ነበር። የጊዜው ፊልም ለቀለማት እኩል ስለማይሰማው መጋረጃውና ዕቃው ሁሉ በግራጫ ደረጃዎች ብቻ ይቀባ ነበር። በ1900 በሠራው አንድ ፊልም ሜሊዬስ ሰባት ሆኖ በአንድ መድረክ ላይ ይታያል። ይህን ለማግኘት ያው ፊልም እየተጠቀለለ ሰባት ጊዜ መነሣት ነበረበት፤ ሰባቱም ሰዎች በየቦታቸውና በየቅጽበታቸው እንዲገጣጠሙ እያንዳንዱ የእጅ ዙር መቆጠር ነበረበት። በስድስተኛው ላይ አንድ ስሕተት ቢፈጠር ያለፉት አምስቱም አብረው ይጠፉ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሰው ራስ እንደ ጎማ ሲነፋ አሳየ። ካሜራውን ከቦታው ሳያነቃንቅ፣ ራሱ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በተዳፋት ሐዲድ ወደ ካሜራው ተሳበ፤ የተዳፋቱም ልክ ራሱ እየተለቀ ሲመጣ ከጠረጴዛው ከፍ ዝቅ እንዳይል ሆኖ የተሰላ ነበር። የዚህ ሰው ትክክለኛነት የሚፈለገው እዚህ ላይ እንጂ በመድፉ ላይ አይደለም።

«ጉዞ ወደ ጨረቃ» የዚህ ሁሉ ልምድ ማጠራቀሚያ ሆነ። ሦስት ወር ፈጀ፤ 10,000 ፍራንክ ያህል ወጣበት፤ ርዝመቱም 260 ሜትር ያህል ነበር። በጊዜው ይህ ከተለመደው የበዛ ወጪ፣ ከተለመደውም የረዘመ ፊልም ነው። የጉዞውን መሪ ፕሮፌሰር የተጫወተው ራሱ ሜሊዬስ ሲሆን የጨረቃ ነዋሪዎቹ የፎሊ ቤርዤር ዝላይተኞች ናቸው። በቀለም የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ቅጂው ወደ ኤሊዛቤት ቱዊሊዬ የቀለም ቤት ይላካል። በዚያም ከ200 የሚበልጡ ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ ቀለም ብቻ ይዘው ምስሉን በብሩሽ በየተራ ይቀቡታል።

ፊልሙ በአሜሪካ ብዙ ገንዘብ አስገኘ፤ የገንዘቡ ዋና ተቀባይ ግን ሠሪው አልነበረም። ኤዲሶንን ጨምሮ የአገሩ ኩባንያዎች ቅጂውን እያባዙ ሸጡት። ይህን ለመከላከል በ1903 ወንድሙ ጋስቶን ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ቢሮ ከፈተ። ሜሊዬስም ከዚያ ወዲህ ሁለት ኔጌቲቮችን ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ እያነሣ አንዱን ወደ አሜሪካ ይልክ ጀመር። ከብዙ ዘመን በኋላ ሁለቱ ኔጌቲቮች ሲጣመሩ ጥልቀት ያለው ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ሰጥተዋል፤ እርሱ ግን ይህን አላሰበውም።

ከሌብነቱ ይልቅ የጎዳው የአሠራር ለውጥ ነው። ሜሊዬስ ፊልሙን በሜትር ይሸጥ ነበር፤ ደንበኞቹም በየገበያው ድንኳን የሚተክሉ ተዘዋዋሪ ትርኢተኞች ነበሩ። ከ1908 ጀምሮ ኩባንያው በኤዲሶን ለሚመራው የአሜሪካ ማኅበር በየሳምንቱ 1,000 ጫማ ፊልም የማቅረብ ግዴታ ገባ። አንድ ሰው ደራሲም፣ ሠዓሊም፣ ተዋናይም፣ መካኒክም ሆኖ ለሚሠራበት ቤት ይህ የማይቻል ሸክም ነው። በ1909 በፓሪስ የተሰበሰበውን የፊልም አምራቾች ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መርቷል። ጉባኤው የፊልም ጠርዝ ቀዳዳዎች አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ወሰነ፤ ፊልም ከእንግዲህ እንዲከራይ እንጂ እንዳይሸጥም ወሰነ። የመጀመሪያው ውሳኔ ለሙያው ሁሉ ጠቀመ። ሁለተኛውን ግን የራሱን ደንበኞች የሚያርቅበት ስለነበረ ሊቀ መንበሩ ራሱ አልወደደውም።

ጥፋቱ ሁሉ የሌሎች ነበር ማለት ግን አይቻልም። ሌሎች ካሜራውን ወደ ሰው ፊት ሲያቀርቡ፣ ከቦታ ቦታም ሲያዘዋውሩ፣ ሜሊዬስ ካሜራውን በቲያትር ተመልካች ወንበር ላይ እንደተከለው ቀረ። በ1911 ከፓቴ ኩባንያ ገንዘብ ሲበደር ቤቱንና ስቱዲዮውን መያዣ አደረገ። በዚህ ገንዘብ በ1912 የሠራው «የዋልታ ድል» ሰው የሚውጥ ግዙፍ የበረዶ ፍጡር ያለበት ድንቅ ሥራ ቢሆንም ተመልካቹ ቀድሞት ሄዶ ነበር። በ1913 ሚስቱ ሞተች፤ የፊልም ሥራውም አበቃ።

ጦርነቱ በ1914 ሲነሣ የዕዳ ክፍያ በሕግ በመታገዱ ሞንትሮይ ለጊዜው ከእጁ አልወጣም። በ1917 ግን ዋናው ስቱዲዮ የቁስለኞች ሆስፒታል ሆነ። የፈረንሳይ ጦርም ከ400 የሚበልጡ የፊልም ቅጂዎችን ወስዶ አቀለጣቸው። ብሩ ተለይቶ ወጣ፤ ሴሉሎይዱም የጫማ ተረከዝ ሆነ። የጫማ ፋብሪካ ድርሻውን ሸጦ ወደ ምትሐት የገባው ሰው ሥራ ተመልሶ ጫማ ሆነ ማለት ነው። በ1923 የሮበር ኡዳን ቲያትር ለመንገድ ሥራ ፈረሰ፤ በዚያው ዓመት ፓቴ ሞንትሮይን ተረከበ። ሜሊዬስም በቁጣ በዚያ የነበሩትን ኔጌቲቮች በገዛ እጁ አቃጠላቸው።

ከሠራቸው 520 ያህል ፊልሞች ዛሬ የሚገኙት 200 ያህሉ ናቸው። ስለ ታላቁ ፊልም የሚደረገው ክርክርም ከእሳትና ከማቅለጫ በተረፉት መካከል ብቻ የሚካሄድ ነው።

በ1925 ቀድሞ በፊልሞቹ ትጫወት የነበረችውን ዤን ዳልሲን አግብቶ ከእርስዋ ጋር በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ከረሜላና አሻንጉሊት መሸጥ ጀመረ። በር ሲከፈት ብርድ በሚገባበት በዚያ ሱቅ ተቀምጦ ሳለ ጋዜጠኞች አገኙት። ከዚያም አንዳንድ ቅጂዎቹ ከተጣሉበት ተፈልገው ተገኙ፤ በታኅሣሥ 1929 በፕሌዬል አዳራሽ በክብር ታዩለት። የላንግ የጨረቃ ፊልም በበርሊን የታየው ከዚያ በፊት በነበረው ጥቅምት ነው። የሮኬት ሊቅ ያማከረው ጉዞና በጃንጥላ የሚዋጉት ጠበብት በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት ከተሞች ለተመልካች ቀረቡ። በ1931 የሌዥዮን ዶኖር ኒሻን ሲሰጠው ያበረከተለት ሉዊ ሉሚዬር ነበር። መሣሪያውን ያልሸጠለት ቤተሰብ ልጅ መሆኑ ነው።

ከ1932 ጀምሮ ከሚስቱና ከልጅ ልጁ ጋር በኦርሊ በሚገኘው የሲኒማ ባለሙያዎች ጡረታ ቤት ኖረ። በ1936 አንሪ ላንግሉዋና ዦርዥ ፍራንዡ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች የሰበሰቡትን አሮጌ ፊልም በዚያው አካባቢ በሚገኝ ባዶ ቤት ሲያኖሩ ቁልፉን ለእርሱ በአደራ ሰጡት። የራሱን ኔጌቲቮች ያቃጠለው ሽማግሌ የሌሎችን ፊልም ጠባቂ ሆነ፤ ስብስቡም በኋላ የፈረንሳይ ሲኒማቴክ የሆነው ነው። ጥር 21 ቀን 1938 በፓሪስ ሞተ፤ በፔር ላሼዝ መቃብር ተቀበረ።

በ1993 ጠፍቷል ተብሎ ይታመን የነበረ በእጅ የተቀባ የ«ጉዞ ወደ ጨረቃ» ቅጂ በባርሴሎና ተገኘ። ፊልሙ በእርጅና እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። ባለሙያዎች ከ1999 ጀምሮ በኬሚካል ትነት እያለሰለሱ ከ13 ሺህ የሚበልጡትን ምስሎች በየተራ አላቀቁ፤ ሥራው በ2010 አልቆ በ2011 በካን የፊልም በዓል ላይ ታየ። መድፉ ሲተኰስ የሚውለበለበው ባንዲራ የስፔንን ቀለማት የያዘ ነው። ከቱዊሊዬ ቤት ሴቶች መካከል ቀዩንና ቢጫውን የያዙት፣ ፊልሙን በሜትር ለገዛ ለአንድ የስፔን ደንበኛ ብለው የቀቡት ይመስላል።