ንግሥት ቪክቶሪያና የማይረጋው ደም

የአገራችንን ታሪክ የተማረ ሁሉ የእንግሊዝን ንግሥት የቪክቶሪያን ስም የሚያውቀው በአንድ ደብዳቤ ምክንያት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ጻፉላቸው፤ መልስ ሳይመጣ ቀረ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተቈጥተው እንግሊዞቹን አሰሩ፤ በኋላም ጦር መጣና መቅደላ ወደቀች። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እኛ ግን የምንጽፈው ስለ ደብዳቤው ሳይሆን ንግሥቲቱ ሳያውቁት ለልጆቻቸው ስላወረሱት ነገር ነው። ይህን ለምን እንደ መረጥን በመጨረሻው እንገልጻለን።

ቪክቶሪያ በ1819 ለንደን ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው የኬንት መስፍን ኤድዋርድ ያን ጊዜ 51 ዓመታቸው ነበር፤ ልጃቸው አንድ ዓመት ሳይሞላት ሞቱ። በ1837 አጎታቸው ንጉሥ ዊልያም ሲያርፉ ቪክቶሪያ በ18 ዓመታቸው ነገሡ። እኛ በዚሁ ዕድሜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና እንፈራለን። በ1840 የአጎታቸውን ልጅ አልበርትን አግብተው አምስት ሴቶችና አራት ወንዶች ወለዱ።

ስምንተኛው ልጅ ሊዮፖልድ የተወለደው በ1853 ነው። የምጡን ሥቃይ ለማስታገሥ ሐኪሙ ጆን ስኖው ክሎሮፎርም ስለ ሰጣቸው ያ ልደት በሕክምና ታሪክ ይነሣል። ሕፃኑ ግን መራመድ ሲጀምር ትንሹ ግጭት ሁሉ ሰውነቱን ያሳብጠውና ያጠቍረው ጀመር። ቢቈስል ደሙ ቶሎ አይረጋም። ጉልበቱ ውስጥ ደም ሲፈስስም ብዙ ቀን ያስተኛዋል። ሕመሙ ሄሞፊሊያ ይባላል። እናቱ ስለ ፈሩለት ከጨዋታም ከጕዞም ይከለክሉት ነበር፤ እርሱ ግን ብልህና ንባብ ወዳድ ነበርና ታግሎ አስፈቅዶ በ1872 ኦክስፎርድ ገባ። በ1882 አገባ። በ1884 ፈረንሳይ አገር ካን በምትባል ከተማ ወድቆ ጉልበቱን ተጋጨ፤ በማግሥቱ ሞተ። ዕድሜው 30 ነበር።

ሦስቱ ወንድሞቹ ጤነኞች ነበሩ። ንግሥቲቱም ራሳቸው እስከ 81 ዓመታቸው ሲኖሩ ይህ ሕመም አልታየባቸውም። ታዲያ ከየት መጣ?

መልሱ ያለው ክሮሞሶም ከሚባሉት ረቂቅ ክሮች ውስጥ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ዘረ መል የተቀመጠው በኤክሱ ላይ ነው። ሴት አንደኛው ቢበላሽባት ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ይበቃታል፤ ሳትታመም ተሸካሚ ትሆናለች። ወንድ ግን ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ እርሱ ከተበላሸ ምትክ የለውም። ተሸካሚ እናት ለእያንዳንዱ ልጅ ከሁለቱ ኤክሶቿ አንዱን ትሰጣለች፤ የትኛው እንደሚደርሰው እንደ ዕጣ ነው። አባት ደግሞ ኤክሱን ለሴት ልጁ፣ ዋዩን ለወንድ ልጁ ይሰጣል። የሊዮፖልድ ልጆች ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናቸው፦ ሴት ልጁ አሊስ ተሸካሚ ሆና ልጇ ሩፐርት በ1928 ከመኪና አደጋ በኋላ ሞተ፤ ከሊዮፖልድ ሞት በኋላ የተወለደው ወንዱ ቻርልስ ኤድዋርድ ግን ከሕመሙ ነጻ ነበር። ከአባቱ የወረሰው ዋዩን ነውና።

ከንግሥቲቱ ሴቶች ልጆች አሊስና ቢያትሪስ ተሸካሚዎች ነበሩ። በእነርሱ ሴቶች ልጆች በኩል ሕመሙ ወደ ሩሲያና ወደ እስፓኝ ቤተ መንግሥት ገባ። በ1904 የተወለደው የሩሲያው አልጋ ወራሽ አሌክሲ ሕመምተኛ ነበር። በ2009 ሊቃውንት የዚያን ቤተ ሰብ ዐፅም መርምረው ሕመሙ ሄሞፊሊያ ቢ የሚባለው ዓይነት መሆኑን አረጋገጡ።

ንግሥቲቱ በ1901 ሲያርፉ ሕመሙ በዚህ ክር እንደሚወረስ የሚያውቅ አልነበረም፤ አሜሪካዊው ቶማስ ሞርጋን በዝንብ ዓይን ቀለም ይህን ዓይነት ውርስ ያገኘው በ1910 ነው። እኛን የሚነካ አንድ ነገር እንጨምር። ከመቅደላ የተወሰደው የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሲሞት ንግሥቲቱ አዝነው ዊንዘር አስቀበሩት። ከአምስት ዓመት በኋላ ሊዮፖልድም እዚያው ዊንዘር ተቀበረ።

አሁን ምክንያታችንን እንናገር። በምንኖርበት በልደታ ኮንዶሚኒየም ኳስ እንዳይጫወት የተከለከለ አንድ ልጅ አለ። እኛም ትንንሾች ሳለን ብርጭቆ እያልን እናሾፍበት ነበር። ቡና ላይ አንዳንዶቹ ጎረቤቶች የእናቱ እርግማን ነው ይላሉ፤ ወንድማቸውም በተገረዘ ጊዜ ደሙ አልቆም ብሎ ነው የሞተው። ባለፈው እሑድ ይቅርታ ልንጠይቅ ሄደን በደብተር ጀርባ ላይ ኤክሶቹን ሣልንላቸው። እናቱ ዝም ብለው ተመለከቱ። ስለ እርግማኑ አንዳች አላሉም። ደረጃው ላይ ገመድ የምትዘልለውን ሴት ልጃቸውን እያዩ፣ እርሷስ ብለው ጠየቁን። እኩሌታ ዕድል እንዳላት፣ በምርመራም ሊታወቅ እንደሚችል ነገርናቸው። ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ አስገቡት።