ዐፄ ቴዎድሮስና የባላገሩ ድንበር

ወገዳ በሚባለው ምድር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ የባላገሩ ርስት ከአባት ከአያት የወረደ፣ በወሰን ድንጋይ የተለየና በሽማግሌ ምስክርነት የሚጸና ነበር። ድንበር ገፍቶ ያረሰ ጎረቤት በዳኛ ፊት ይቆማል፤ ሌሊት በረት የሰበረ ሌባ ጦር ቢያገኘው የሚደነቅ አልነበረም። ነጋሪት አስጐስሞ በጠራራ ፀሐይ የሚመጣው ጦር ግን ዳኛም ከልካይም አልነበረውም። ወታደሩ በየቤቱ እየታደለ ይገባል፤ ጓዳውን ያዛል፤ የዘር እህል ሳይቀር በልቶ ይሄዳል። የዐፄ ቴዎድሮስ የሕይወት ታሪክ ይህን በደል አውቀው ሊያስቀሩት የተነሡ፣ በመጨረሻም ራሳቸው የፈጸሙት ንጉሥ ታሪክ ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። በልጅነታቸው የሚማሩበት የጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም በዘራፊ ጦር ሲጠፋ ከጥፋቱ ካመለጡት ጥቂቶች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ከፍ ሲሉ በቋራ ቆላ ሸፈቱ። ዜና መዋዕላቸውን የጻፉት ደብተራ ዘነብ እንደሚተርኩት፣ በዘረፋ ካገኙት ገንዘብ ለአገሩ ገበሬ መቆፈሪያ መግዣ ሰጥተዋል። ሽፍታው ካሣ ከሌሎቹ ሽፍቶች የተለዩት በዚህ ነው። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ራስ ዓሊን በአይሻል፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል ነሥተው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

እንደ ነገሡም ሁሉም ወደየአባቱ ሥራ እንዲመለስ፣ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲገባ ዐወጁ። የአባታቸው ሥራ ዘረፋ መሆኑን ተናግረው አዋጁ እንዲጸናላቸው የጠየቁ ሽፍቶች እንደ ነበሩና በሬና ማረሻ ይሰጣችሁ ቢባሉ እንቢ በማለታቸው እንደ ተቀጡ ይተረካል። ወታደሩ ባላገሩን እንዳይበዘብዝ ደመወዝ ሊቈርጡለትና ስንቁን ከጐተራ ሊሰፍሩለት ሞከሩ። ገንዘቡ የሚገኘው ደግሞ ከመሬት ስለ ነበር፣ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃሉ ብለው የተረፈውን የቤተ ክርስቲያን መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ለመስጠት ወሰኑ። ካህናቱ ግን በብርቱ ተቃወሙ። ሐሳቡ የባላገሩን ደጅ ለመጠበቅ የታቀደ ቢሆንም ብዙ ባለርስትና ባለጉልት አስቀየመ።

ከዚያ በኋላ ትግራይ፣ ላስታ፣ ጎጃምና ሸዋ በየተራ አመለጡ። ግዛቱ እየጠበበ ሲሄድ ደመወዙም ጐተራውም ቀረ፤ መላው ጦር በበጌምድር ገበሬ ትከሻ ላይ ወደቀ። ኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደር ራሷ ተዘርፋ ተቃጠለች። በዚህ ጊዜ ባላገሩ ራሱን ለመከላከል ተነሣ። እህሉን በጕድጓድ ቀበረ፤ ከብቱን ወደ ገደልና ወደ አምባ አሸሸ፤ ከጦሩ ተለይቶ ለዘረፋ የወጣውን ወታደር እየጠበቀ ገደለ። ኦሪት ሌሊት ሰርስሮ በገባና ፀሐይ ከወጣች በኋላ በተገኘ ሌባ መካከል ትለያለች፤ ቀን በንጉሥ ስም ለሚመጣው ግን የበጌምድር ገበሬ ፍርዱን ራሱ መስጠት ግድ ሆነበት።

በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ቀልጠው ሠሩ። በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን ትተው መድፉን በሠረገላ እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ ስላልነበረ በየዕለቱ ይሠራ ነበር። ዐለቱ በባሩድ ይፈነዳል፤ ዳገቱ እየተቈረጠ ይለዝባል፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። በጋይንት አልፈው፣ ጨጨሆን ወጥተው ዋድላ ደረሱ፤ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ የሚጠልቀውን የጅጣን ሸለቆ ወርደው ደላንታ ወጡ፤ በሽሎንም ተሻግረው በመጋቢት መቅደላ ገቡ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው መልክዐ ምድር ዐዋቂ ክሌመንትስ ማርካም መንገዱን አይቶ አድንቆ ጽፏል። ይሁን እንጂ በግራና በቀኝ ያለው አገር ጠላት ስለ ነበር፣ መንገዱ ከጦሩ ኋላ ወዲያው ይዘጋ ነበር። ከበጌምድር እህልም ረዳትም ሊከተላቸው አልቻለም።

ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ጦራቸው ተሸነፈ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ለጠላት እጅ ከመስጠት ይልቅ ሞትን መርጠው ራሳቸውን ገደሉ። ሴባስቶፖል እዚያው መቅደላ ቀረ።

ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ በቻይና ባለሙያዎች እገዛ የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ያንኑ ከፍታ ያልፋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40፣ አዋጅ ቍጥር 1161/2011ም በዝርዝሩ፣ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ይዞታው የሚነካበት ገበሬ አስቀድሞ ካሳ እንዲከፈለው ያዝዛሉ። ቴዎድሮስ በደመወዝና በጐተራ ሊያቆሙት የሞከሩት ድንበር ይህ ነበር። የመሐንዲስ ችካል በእርሻ ላይ ሲተከል ባላገሩ የሚያየው መጀመሪያ መንገዱን አይደለም፤ የመጣው ሰው በዳኛ ይጠየቅ እንደ ሆነ ነው።